ወደ ወጥ ቤት የሚመለሱ ሳህኖች

ለማከብርሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ልጆቹስ በረቱ? ባለቤትሽስ ዛሬም ከመስኮት ሥር ካልተቀመጠ እህል አይወርድለትም? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ቅያሜሽን ከመልእክትሽ ተረድቻለሁ። እናታችን ምግብ ቤቶችን እየቀመሰች ትጽፍለት የነበረው ጋዜጣ ለኢዮቤልዩ በዓሉ መጽሐፍ የእሷን የሥራ ታሪክ እንድጽፍ መጠየቁን ሰምተሽ፣ ምግብ ቤቴን ያዘጋችበትን ጽሑፍ ደብቀህ ሌላውን ብታወድስ ወንድም የለኝም ብለሻል። በቀብሯ ላይ ያልቆመች ልጅ በታሪኳ ላይ ፈራጅ መሆኗ ቢያስቆጣኝም፣ የጠየቅሽው ፍትሕ ነውና ታዘዝሁ።

የዱሮዎቹ ጋዜጦች የተከመሩት ከደረጃ በታች፣ አይጥ በሚሸትት ክፍል ውስጥ ነው። ያሁኑ አዘጋጅ፣ አባባ፣ ምግብማ ዛሬ በስልክ ይታያል፤ ደግሞ ስለ ሳህን የሚያነብ ማን አለ ብሎ ሳቀብኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የጻፈችለት ቤት አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አላስቀረላትም። ሆድ መቼም አመስጋኝ አይደለም።

ከዳር እስከ ዳር አነበብኋት። በገባችበት ምግብ ቤት ሁሉ የምትቀመጠው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። በራሷ ምላስ ብቻ አትፈርድም፤ ሌላው በልቶ የተወው ሳህን ሲመለስ ታያለች። የእኔ አፍ ሊያዳላ ይችላል፣ የተመለሰ ሳህን ግን አያዳላም ብላ ጽፋለች። አንድ አስተናጋጅ፣ እመቤቴ፣ ይሄ የሹፌሮች ቦታ ነው፣ ወደ መስኮቱ ይለፉ ቢላት፣ ልጄ፣ መንገዱ አይበላ፣ ምን ያደርግልኛል ብላዋለች። የተመለሰ ሳህን የሌለበት ጽሑፍ አላገኘሁባትም።

በመጨረሻ ስለ አንቺ ምግብ ቤት የወጣውን አወጣሁ። “ባለ ማንኪያዋ” በሚለው የብዕር ስሟ ታትሟል። ሾርባሽ እንደ ቀዘቀዘ፣ የጠረጴዛ ልብስሽ እንዳደፈ ይናገራል። ሳህን ግን የለበትም፤ አንድም። የሚጀምረውም፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ መንገዱን ስመለከት ብሎ ነው።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብሁት።

በጡረታ ወዳለው የዚያን ጊዜ ዋና አዘጋጅ ቤት ሄድሁ። እኔ በሌላ ከተማ ሳስተምር፣ አንቺም ከምድጃሽ ሳትወጪ፣ እናታችን ለማናችንም ሳትነግረን ያን ሳምንት ታማ ተኝታ ኖሯል። ገጹን ረዳቷ ነው ያደረሰልኝ አለኝ። ጽሑፉ በወጣ ማግስት እየተንገዳገደች መጥታ ሥራዋን ለቀቀች። እርማት እናውጣ እንጂ፣ የምን መልቀቅ ነው ቢላት፣ ተወው፣ ልጄን ልድር ነው አለችው። ረዳቷ ማን እንደነበር አልጠየቅሁትም። አንቺም አትጠይቂኝም።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አበው። እናታችን ይህን ገልብጣ ኖረች፤ ቃሏን ቀብራ የወለደቻትን አዳነች። ማዳን ከተባለ።

ሠርግሽን አስታውሺ። ልታዋርጃት ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጥሻት፤ ወንበሯ መሆኑን አላወቅሽም። ሙሽራው፣ ከእንግዲህ ለእኔ ብቻ ታበስላለች ብሎ ሲቀልድ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ ብቻ አልሳቀችም፤ የሚመለሱትን ሳህኖች ትመለከት ነበር። ኩራት ነው፣ ልጇን እንኳ ያልማረች ሴት ተብሎ ታማች። ሐሜቱን ችላ እስከ ዕለተ ሞቷ በደጅሽ አለፈች፤ አንድ ቀን ግቢ አላልሻትም።

ያን ጽሑፍ በመጽሐፉ አላስገባውም፤ የእሷ አይደለምና። የማን እንደሆነም አልጽፍም። እሷ ያስቀረችውን እርማት እኔ ላወጣው አይገባኝም። መቃብሯን ግን ሳር ውጦታል፤ አንድ ሰው ሊያርመው ይገባል፣ እኔም መጎንበስ አልችልም።

ለልጆችሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ለእነሱ ብቻ። ፈጣሪ ማዕድሽን ይባርክ፣ የልብሽንም ዓይን ያብራልሽ። ነገ ምሳ ስታቀርቢ ግን፣ ባለቤትሽ መስኮቱን ሲይዝ፣ እባክሽ እህቴ፣ ወንበርሽን ወደ ወጥ ቤቱ በር አዙሪና ተቀመጪ።

የእናትሽ ልጅ፣
ታላቅ ወንድምሽ