አብረው የሚዋኙት ትንንሾቹ ዓሦች

ውድ ልጄ ሚጣዬ፣

ማክሰኞ ነበር። የዓሣ ገንዳሽን መስታወት በጨርቅ ስወለውል የኤሌክትሪክ ሥራ አለቃሽ በሩን አንኳኳ። ወንበር ባቀርብለት እንቢ ብሎ፣ ቆቡን በእጁ እያሸ፣ ከመሰላል ወድቀሽ ሆስፒታል ሳትደርሺ ማረፍሽን ቆሞ ነገረኝ። ለቅዳሜ ዓሣ ልንመርጥ ተቀጣጥረን ነበር።

ገንዳው ለባሕር ዓሣ ያዘጋጀሽለትን ጨዋማ ውሃ እንደያዘ፣ ያለ ዓሣ ቀረ። ጎረቤቶች ድፊውና ይውጣልሽ አሉኝ። እጄ እንቢ አለ። «የልጅ ልጅ አሳዪኝ ስልሽ ዓሣ ታመጪብኛለሽ?» ብዬሽ ነበራ። አንቺ ስቀሽ፣ «እማዬ፣ እስቲ በእነሱ ተለማመጂ» አልሽኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ይቅርታ ሳልልሽ ሄድሽብኝ።

አንቺ ጨው ስትበጠብጪ አይቼ ስለነበር፣ ውሃው በጎደለ ቁጥር እየበጠበጥኩ ሞላሁት። በኋላ በጠርሙስ ቀድቼ ለዓሣ ሻጩ ወሰድኩለት። የጨዉን መጠን ለካና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨውማ የት ይሄዳል? እዚህ ውስጥ ዓሣ ቢገባ አያድርም።»

ተንከባከብኩ ብዬ ልፈጃቸው ነበር፣ ልጄ። እሱ እንዳለኝ ከገንዳው ጥቂት ጥቂት እየቀዳሁ፣ በተጣራ ውሃ እየተካሁ ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

ተመልሼ ስሄድ አንድ ትልቅ ቢጫ ዓሣ አሳየኝ፤ ብቻውን ቤቱን ያደምቀዋል አለ። ልጄ የምትፈልገው እነዚያን አብረው የሚዋኙትን ነው አልኩት፤ ጣት የሚያህሉትን፣ አረንጓዴ ሆነው ሰማያዊ የሚያብረቀርቁትን። ሲበሉ ሳናይ አንገዛም ያልሽው ትዝ ብሎኝ፣ መግብልኝ ብዬ ለመንኩት። ከሰባቱ ስድስቱ ተሻምተው በሉ። አንዷ ጥግ ይዛ ቀረች። ሆዴ እሷ ጋ ሄደ። ሻጩ ግን የታመመች ናት፣ ሌሎቹንም ታስይዛለች አለኝ። ስድስቱን ገዝቼ፣ እሷን ትቻት ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ።

ሁለት ቀን ገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ሥር ተሸሸጉ። ዛሬ ጠዋት ስድስቱም ወጡ። አንዱ ሲታጠፍ ሁሉም ይታጠፋሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ «ሚጣዬ፣ እንዲህ ማማራቸውን አላውቅም ነበር፤ ይቅር በይኝ» አልኩሽ።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ልጄን ባታውቋትም በጸሎታችሁ አስቧት። እኔ ስጀምር እንባ ያቋርጠኛል፤ ካቆምኩበት ቀጥሉልኝ።

እናትሽ