የሐኪምህን እጅ ይዘህ ያገኘሁህ ቀን

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። ደክሞኛል። የሪችፊልዱን ቤት ለቅቀን ኢገን ከተማ ትንሽ አፓርትመንት ገባን። መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ፤ ከሥራ ስመለስ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ለመውረድ አቅም እስካገኝ እዚያው እቀመጣለሁ። ልጃችን ሶስና አሁንም በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች።

የምጽፍልህ ግን ስለዚያ ጃፓናዊ ሐኪምህ ነው። ሴንት ፖል ከተማ ሆስፒታል የተኛህ ዕለት «ያለውን ሁሉ ለሚስቴ ንገራት» አልከው። ቃልህን ጠብቆ፣ በሽታው እንደማይድን ለእኔ ነገረኝ። እንዳይነግርህ ለመንኩት። እኛ አገር መርዶ እንኳ የሚነገረው ሰዓት ተመርጦ ነው፤ ለታመመ ሰው ሞቱ እንዴት ይነገረዋል? አልኩት።

አልተቆጣኝም። አባቱም ሐኪም ነበሩ፤ በእሳቸው ጊዜ ጃፓንም ለቤተሰብ እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም ነበር።

«ሕክምና የርኅራኄ ጥበብ ነው እያሉ አሳደጉኝ» አለኝ። «ከጥንት ሊቃውንት የወረስነው ነው። የድሮ ጦረኞቻችን ደግሞ እውነትን ፊት ለፊት መናገር አወረሱን። ካልጠየቀኝ ዝም እላለሁ፤ ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም።»

አንድ ቀን ሾርባ ላመጣልህ ወጥቼ ስመለስ፣ እሱ አልጋህ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ አንተ እጁን ይዘሃል። ጠይቀኸዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነፈግኩት። ጠዋት ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

አንተ ግን ቀለል አለህ። ስንት ዓመት ያኮረፍከው ወንድምህ ጋ ደውለህ ይቅር ተባባላችሁ። ሶስናን አጠገብህ አስቀምጠህ የአያት ቅድመ አያቶቿን ስም አስቆጠርካት፤ ስትሳሳት በዚያ በደከመ ድምፅህ ሳቅህ። እኔንም «ለካ ብቻሽን ተሸክመሽው ኖሯል» አልከኝና አብረን አለቀስን። በእኔ ቢሆን ይህ ሁሉ ይቀርብህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐኪምህ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ፣ በቃል ፈንታ እንደ እሱ ጎንበስ አልኩለት። እሱም አጎነበሰ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ እሱም ደክሞታል።

«ያን ቀን ልክ መሥራቴን እርግጠኛ አልነበርኩም» አለኝ። «ቤቴ ገብቼ ምግብ አልበላልኝ አለ።»

ለካ ለእሱም ቀላል አልነበረም።

ታዴዬ፣ የደበቅኩህ ስለምወድህ ነው፤ ይቅር በለኝ። በሕይወት እስካለሁ፣ ሞትህን አውቀህ የኖርክባቸውን እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት አልረሳም። ከኖርናቸው ዓመታት ሁሉ ምንም ያልተደባበቅንባቸው እነሱ ናቸው።

ሒሩትህ