የማይጠፋው ኮምፒውተር

ጎንደር፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣ እንፍራንዝ

ልጄ፣ አንቺም ሕፃኑም እንደምን ሰነበታችሁ? እናትሽ ደህና ናት። እኔ ተናድጃለሁ። ስልክሽ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም፤ ስለዚህ ቁጣዬ ሳይበርድ እጽፍልሻለሁ።

መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «አባዬ፣ ፓወር ሰፕላዩን ቀየርነው፤ አሁን ቪዲዮ ስናቀናብር ኮምፒውተሩ አይጠፋም። ትንሽ ይሸታል እንጂ ሸጋ ነው» ብለሻል። ደስ ብሎሽ ነው የጻፍሽው። እኔን ያስፈራኝ ግን አለመጥፋቱ ነው።

አሮጌው ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ 450 ዋት ነበር። ግራፊክስ ካርድሽ ብቻ 220 ይወስዳል፣ ፕሮሰሰሩ 125፣ የቀረው ተደማምሮ 60። 405 ሆነ። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ይስባል። አሮጌው የሚጠፋው ያኔ ነበር፤ ራሱንም እናንተንም ለማዳን። ግማሽ ያህል ትርፍ ጨምረሽ እውነተኛ 650 ዋት ግዢ ብዬ በስልክ ሳስረዳሽ፣ ባልሽ፣ ሰጠኝ፣ ከኋላ ሆኖ «አባባ አስልተው እስኪጨርሱ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ!» ሲል ሰምቻለሁ። አንቺም ሳቅሽ። የደንበኞቻችሁ የሠርግ ቪዲዮ ለቅልቅሉ ይድረስ ብላችሁ ሺህ ዋት የሚል ርካሽ ዕቃ ከዚሁ ከጎንደር አራዳ አስመጣችሁ።

ዛሬ ጠዋት የሸጠላችሁን ሱቅ ፈልጌ አገኘሁት። ያንኑ ዓይነት አነሳሁ፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለለኝ።

«ይሄ ነው ሺህ ዋት?»

«ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ ጋሼ!» አለኝ ሻጩ።

«ክፈተው።»

እየተነጫነጨ ፈታው። ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሚያጠፋው መከላከያ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው።

«እስካሁን አንድም ሰው አልመለሰልኝም» አለኝ።

ከቤቱ ጋር የተቃጠለውን ማን ይመልስለት?

እስከዳር፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሶኬቱን ንቀይ። ሥራው ይቅር፤ ሙሽራው ይቆጣ። ሕፃኑን ከሱቁ ጓዳ አውጪው። አልጋውን ከኮምፒውተሩ የሚለየው መጋረጃ ብቻ መሆኑን በላክሽው ፎቶ አይቻለሁ። ከሠርጋችሁ ወዲህ ቤታችሁን አልረገጥኩምና ከፎቶው ሌላ የማውቀው የለኝም።

እውነተኛውን 650 ዋት አብሬ ልኬልሻለሁ። ሲያነሱት ይከብዳል፤ ሰጠኝም ያንሳውና ይየው። የድንግል ልጅ ከተኛችሁበት እንቅልፍ በሰላም ያንቃችሁ።

አባትሽ፣ ሰውአገኝ

ይህን የምጨምረው መንገድ ላይ፣ ጠዳ ቆመን ነው። ደብዳቤውን ውዱ ለሚባለው የሚኒባስ ሾፌር ልሰጥ መናኸሪያ ሄጄ ነበር።

«የእስከዳርን ሱቅ ታውቀዋለህ?»

«አሳምሬ፣ አያ ሰውአገኝ። ትናንት ሳልፍ ግን ዝግ ነበር። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል።»

«ምነው?»

«እንጃ፤ አልቆምኩም።»

በሠርግ ወር፣ በሥራ ቀን፣ ዝግ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዕቃው ጭኔ ላይ ነው። ደብዳቤውን በእጅሽ እሰጥሻለሁ፤ ከፈለግሽ እየሳቅሽ አንብቢው። ብቻ በሩን አንቺ ክፈቺልኝ።