ዓይን የሌለው ፈረስ

ለወንድሜ ለቱፋ፣ ኦጎልቾ፦

ይህን ፖስት ካርድ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት! የአሰላን አዲስ ሕንፃ የማቆመው እኔ ነኝ፤ ማለቴ፣ ለሐውልት ሠሪው ለጋሽ ሀብተ ማርያም ጀሶ አቦካለሁ። ከበሩ በላይ የሚለጠፍ የፈረስ ራስ እየሞከርን ነው። በመጀመሪያ በሲሚንቶ የሠራነው ተሰነጠቀ። ዛሬ ጀሶው ከሚፈስበት ቅርጽ ጋር እንዳይጣበቅ ብዬ ውስጡን ቅቤ ቀባሁት። እኛ አገር ቅቤ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ እዚህ ግን ብርዱ አርግቶት የቅርጹን ጉድጓዶች ደፈናቸው መሰለኝ፣ ፈረሱ ያለ ዓይን ያለ አፍንጫ ወጣ! ጋሽ ሀብተ ማርያም «ሁሴኖ፣ ይሄ ፈረስ ነው ድንች?» ብለው ሳቁ። ጥፋቱ የጀሶው ይሁን የቅቤው ግራ ገብቶኛል። ነገ ያቆዩኝ ያባርሩኝ እንጃ። እናታችንን አዴ ሀሊሜንና እህታችንን ኢፍቱን ሳምልኝ፤ ካርዱ ሞላ።

ሳቁ ያልኩህን ብቻ ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ አልሳቁም።

ሁሴኖ