የጀሪካንሽ ክዳን

ሉዋም፣

የተደፈነው ሽንት ቤት ተከፍቷል። ቧንቧ ሠሪ አልጠራሁም። ዩቲዩብ አይቼ፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ አቃንቼ፣ ክንዴን በፌስታል ጠቅልዬ ራሴ ከፈትኩት።

የወጣው ግን አንቺ ያየሽ ይመስል ለአከራያችን ለእትዬ ሙሉነሽ "ሀይሚ ሞዴስ ጥላበት ነው" ያልሽው አይደለም።
የጀሪካንሽ ክዳን ነው። ቀዩ።
ማክሰኞ ውሃ ሲጠፋ ክዳኑን ሳታጠብቂ ጀሪካኑ ላይ ጣል እንዳደረግሽው ውሃውን ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋሽ፣ እሱም አብሮ ወረደ። የእኔን ክዳን በሲባጎ ያሰርኩት ለጌጥ መሰለሽ?
አጥቤ መስኮቱ ላይ አስቀምጬልሻለሁ።

ዛሬ ወረቀት እንዳትጥዪበት። ውሃ በጆግ ቀስ እያልሽ ድፊ። በረኪና አፍስሼበታለሁ፣ መስኮቱን አትዝጊው።

ትናንት ወንድምሽ ፊት "ዲግሪሽ ሽንት ቤት እንኳ አይከፍትም" ማለቴ ልክ አልነበረም።
ወንድምሽ ፊት ማለቴ።

በአንቺ ወሬ እትዬ ሙሉነሽ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ልቀቂ ብለውኛል። ሁለት ዓመት አብረን ኖረን፣ ሲሉኝ ቆመሽ ሰማሽ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። እሱን ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አሁን አትላስ ሰፈር ሥራ ሄጃለሁ። እትዬ ሙሉነሽ አሥር ሰዓት ላይ ሽንት ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። እኔ ደውዬ ልነግራቸው እችል ነበር። አልደወልኩም፤ ሰው ላይ ማሳበቅ አላደግኩበትም። በጀመርሽው አፍ አንቺው ጨርሺው።

እኔ እንደሆነ ሻንጣዬን አልሸከፍኩም። አልሸክፍምም።

ሀይሚ