ኦቦ ቶሎሳን ከጉርሻ መጠበቅ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ ጠዋት

ሲ/ር ጫልቱ ሳትመጣ ልጨርስ፣ ደብተሬ። ስጽፍ ካየችኝ ሥራ ፈት ነህ ብላ መጥረጊያ ታስይዘኛለች። የእህቴ ልጅ ናት፤ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። አሁን እሷ የወንዶች ክፍል ነርስ፣ እኔ አስታማሚ። ታዘኛለች። አልጋው ላይ ያለው ኦቦ ቶሎሳ ነው፣ የሚስቴ ወንድም። ኩላሊቱን አሞት ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፍቷል። ኩፍ ያለ ሊጥ መስለሃል አልኩት። ሳቀ። ሳቁም አብጧል።

ነርሷ አንድ፣ አልጋው ብዙ። ስለዚህ ሥራ ታከፋፍላለች። መርፌና ግሉኮስ የሷ፤ ማንም አይነካም። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማብላት የአስታማሚ። ለእኔ የደረሰኝ፦ ቶሎሳ ጨው የነካው ነገር እንዳይቀምስ መጠበቅ። ድገምልኝ አለች። እንደ ተማሪ ደገምኩ። ከከበደህ ጥራኝ አለች። ጨው መጠበቅ ምን ይከብዳል?

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ ከሰዓት

ሹመት ደስ ይላል። ጥግ ላይ የተኛው ሽማግሌ "ዶክተር" ይለኛል። አላረምኩትም። ቶሎሳ ጨው የሌለውን ገንፎ የግድግዳ ምርጊት ነው ብሎ ሰደበ። ዶክተር ነው ያዘዘው አልኩት፤ የትኛው ዶክተር እንደሆነ አልነገርኩትም። እብጠቱ እየወረደ ነው። ግራ ዓይኑ ተከፈተ። መጀመሪያ ያየው እኔን መሆኑ ቅር ብሎታል።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ አመሻሽ

ጉድ ሆነ። የገበያ ቀን ነው፤ ከአገር ቤት ከጌዶ ዘመድ ሁሉ በጭነት መኪና መጣ። እኔ ጢሜን ልላጭ ወጣሁ። ሥራዬን ለኦቦ ደገፋ አስረከብኩ። ልጁን የሚያስታምም፣ ጎጆ ከምትባል ከተማ የመጣ ገበሬ ነው፤ ከክፍሉ ሰው ሁሉ ደጉ እሱ። ምግብ እንዳትሰጠው፣ አደራ፣ ብዬ ሄድኩ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ የዳማ ጨዋታ ነበር። ቆየሁ።

ስመለስ የቶሎሳ አፍ ቅቤ በቅቤ። በቅቤና በጨው የታሸ ጭኮ። ጥብስ።

"ኦቦ ደገፋ! ምግብ አትስጠው አላልኩህም?"

"ማን ሰጠው? አንድ አንድ ጊዜ አጎረሱት እንጂ።"

"ጉርሻ ምግብ አይደለም?"

"ከጌዶ ድረስ የመጣን ሰው እጁን ልመልስ? ነውር እኮ ነው፣ ኦቦ ሌሊሳ!"

አንዱ አጉርሶ ሌላው ቢቀር ደግሞ ቂም ነው። ስለዚህ ሁሉም አጎረሰ።

ጥቅምት 11፣ እሁድ

ሁለቱም ዓይኖቹ እንደገና በእብጠት ጠፉ። ትንፋሽ አጠረው። ሐኪሙ እስከ ማክሰኞ ካልተሻለው አ/አ ይላካል አለ። ቶሎሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ባለፈው ከዚህ ክፍል አ/አ የተላከው ጎረቤቱ አልተመለሰም። ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀም።

ጫልቱ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ኮሪደር ላይ አቆመችኝ። ሥራውን ምን ብለህ አስረከብከው? ጉርሻም እንደማይቻል ነገርከው? አስደገምከው? ቢቸግረው ማንን እንዲጠራ ነገርከው? የለም፣ የለም፣ የለም። ለምን እሱን መረጥክ? ደግ ስለሆነ።

"ኤሱማ" አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። "እምቢ ማለት የማይችል ሰው ዘበኛ ይደረጋል?"

ቀጥላ ጥፋቱ የሷም ነው አለች፤ እኔን የመረጠችኝ እሷ ናትና። ያ ከስድብ ሁሉ ባሰ።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

አዲስ ዘበኛ ተሾመ። አዴ ወርቄ፣ የእጃጂ ከተማ ሴት፣ ባሏን የምታስታምም። ያልተጣላችው ሰው የለም። ጫልቱ ጉርሻም፣ ቅምሻም፣ ጣት መላስም የለም ብላ አስደገመቻት። ደገመች፤ ከራሷ ስድብ ጨምራ።

ከሰዓት የቀበሌው ሊቀ መንበር ሽጉጡን ታጥቆ ሊጠይቅ መጣ። ዶሮ ወጥ በሳህን። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ መነሳት ያልቻለ በሽተኛም ተንፈራገጠ። አዴ ወርቄ አልተነሳችም።

"ጓድ፣ ለስብሰባ ከሆነ አዳራሹ ወዲያ ነው። ለማጉረስ ከሆነ ደግሞ ባሌ ያውና፣ እሱ አልተከለከለም።"

ጓድ ሊቀ መንበሩ ባሏን አጉርሶ ወጣ።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ የቶሎሳን ቅልጥም በጣቱ ተጫነ። ትንሽ ጎድሏል፣ ሁለት ቀን ልየው አለ። ሽንቱ ከጨመረ እብጠቱ ይወርዳል፣ አ/አም ይቀራል።

ጫልቱ ሽንቱን የሚለካ ሰው ፈለገች። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ አየ። እኔ አልኩ። ማንም ከጌዶ ድረስ ይዞት የማይመጣ ነገር ይኸው ተገኘ። ሳትጠይቀኝ ደገምኩ፦ በመጣ ቁጥር መስመር በተሰመረበት ጣሳ መለካት፤ ከመስመሩ በታች ከሆነ እሷን መጥራት። መውጣት ብፈልግስ? አልኳት። ለማንም አታስረክብም፣ እኔን ትጠራኛለህ አለች። እሺ አልኩ። የምር ነው፣ ደብተሬ።

ቶሎሳ እየጠራኝ ነው። ፍጠን ይላል፣ ሞልቶ ሊፈስ ነው ይላል፣ ሁለተኛ ጣሳ አምጣ ይላል። ሮጥኩ!