መጋረጃው ለእርስዎ፣ አዋላጇ ለእኛ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ ፀሐይ በማይደፍረው ቢሮዎ ውስጥ ዓይንዎም ራስዎም ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ካቻምና በታናሽ እህቴ ጉዳይ ደጅዎን የጠናሁት፣ ጸሐፊዎ «ያቺ ነገረኛ» ብላ የምታስታውሰኝ ሴትዮ ነኝ።

ከቅሬታ በፊት ምስጋና ይገባል። በማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በመስታወት አስገብተው ያሰቀሉት የታካሚዎች መብት ሕግ እጅግ ያማረ ነው። በተለይ ማንኛዋም ወላድ ገመናዋ ተሸፍኖ የመገላገል መብት አላት የሚለው አንቀጽ ከአልጋው ትይዩ ስለሆነ፣ እህቴ በምጥ መሀል ደጋግማ አንብባዋለች።

አንደኛ፣ ከአልጋው ዙሪያ የመጋረጃው ዘንግና ቀለበቶቹ በቦታቸው ነበሩ፤ መጋረጃው ግን አልነበረም። ስለዚህ አምፖል የሚቀይረው ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ ገባ፤ ላቦራቶሪው የጠፋባቸው አንድ አባት በሩን ከፍተው አቅጣጫ ጠየቁን፤ የጎረቤት አልጋ ጠያቂዎችም እግረ መንገዳቸውን እህቴን ጠየቁልኝ። ሁሉም ጨዋ ሰዎች ስለነበሩ «አይዞሽ» ሳይሏት የወጣ የለም።

አዋላጇ ይህን አይታ አላስቻላትም። አንሶላ አምጥታ አንዱን ጫፍ ከግሉኮስ መስቀያው ጋር አሰረች፣ ሌላውን ጫፍ ለእኔ አስያዘችኝ። ልጁ ተወልዶ ደሙ አልቆም ሲል ግን አንሶላውንም እኔንም ረስታ በሁለት እጇ እህቴን ያዘች፤ ደሙ እስኪቆም ድረስም ቀና አላለችም። እህቴ ዛሬ በሕይወት ያለችው በዚያች ሴት እጅ ነው። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው።

ሁለተኛ፣ መጋረጃው የት ገባ ብዬ አቤት ልል ቢሮዎ ስገባ ራሱ መጋረጃው ተቀበለኝ። መስኮትዎ ላይ ተዘቅዝቆ ተሰቅሎ፣ ጠርዙ ላይ «ማዋለጃ ክፍል» የሚለው ማኅተም ቁልቁል ይነበብ ነበር። እርስዎ ከጥላው ሥር ሆነው በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ጉዳዩ ከባድ የመብት ጥሰት መሆኑን ነገሩኝና እስከ በሩ ሸኙኝ፤ እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ወጣሁ።

እውነትም ሳምንት ሳይሞላ እርምጃ ወሰዱ። የአዋላጅነት ሙያ ሕጉ የወላድን ገመና ያልጠበቀ አዋላጅ ተጠያቂ ነው ስለሚል፣ አንሶላውን የረሳችውን አዋላጅ በጽሑፍ አስጠንቅቀው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯት። እኔ ስለ ጨርቅ አቤት ብል እርስዎ በሰው ፈረዱ። ያቺ እጀ ወርቅ ሴት አመድ አፋሽ ሆና ይኸው እስከ ዛሬ ሳሙናና መወልወያ ታድላለች። ለዚህ ሦስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ቁጥር ሲያንሰው ነው።

እህቴ አሁን ዳግመኛ አርግዛ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ስለደማሽ ቤት ውስጥ መውለድን እንዳታስቢው ብሏታል፤ እሷ ደግሞ ያቺ አዋላጅ ከሌለች እዚያ አልጋ ላይ አልወጣም፣ ሞቴም ቢሆን በሬን ዘግቼ ይሁን ብላለች። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አልቅሼባታለሁ፤ ወይ ፍንክች። እኔ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ፈርቻለሁ።

ስለሆነም መጋረጃውን ይመልሱልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ለመስኮትዎ ይሁን፣ ደግሞም ቀለሙ ከቢሮዎ ጋር ሄዷል። የምለምንዎ አዋላጇን ወደ ሥራዋ እንዲመልሱልን ብቻ ነው።

በሕግ አዋቂነትዎ ዘወትር ከመደነቅ ያላረፍኩ፣ ከዚያ ወዲህ ፊትዎን ማየት ባልችልም ጥላዎን የማከብር፣

ያቺ ነገረኛ

ማሳሰቢያ፦ መልስዎ ከምጡ በፊት ካልደረሰ፣ እህቴን ይዤ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ እመጣለሁ። ተስማምታለች። አዋላጇ እዚያው ናት፣ በሩም ከውስጥ ይቆለፋል፤ በሆስፒታልዎ ውስጥ ሕጉ የተሟላበት ክፍል እሱ ብቻ ሆኖ አግኝተነዋል። እባክዎ መወልወያዎቹን ወደ ጥግ ያስጠጉልን።